የቦርድ አባል ሆናችሁ ስትመረጡ ምን ታነባላችሁ? ምንስ ታዳምጣላችሁ?

በአክሲዮን ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተመርጣችሁ ጭብጨባው ሲያበቃ፣ ከዚያ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ሰው አታገኙም። የእንኳን ደስ ያላችሁ ስልክ ይበዛል። የሩቅ ዘመድ ሳይቀር ልጁን ሥራ እንድታስገቡለት ይደውላል። የቦርዱ ጸሐፊ የመጀመሪያውን ስብሰባ ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ከአንድ ወፍራም ፖስታ ጋር ይልክላችኋል። የፖስታው ውስጥ ወረቀት እንዴት እንደሚነበብ ግን የሚያስተምር የለም።

እኔ የገባሁት የአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ ቦርድ ውስጥ ነበር። ሙያዬ ፋርማሲ ነው፤ የመድኃኒት ማከፋፈያ ድርጅት ለብዙ ዓመታት አስተዳድሬያለሁ። አክሲዮኔ ጥቂት ስለነበር የተጠቆምኩት በአነስተኛ ባለአክሲዮኖች በኩል ነው። የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ ለአንባቢ የሚጠቅመው ስሙ ሳይሆን ውስጡ ያየሁት ነው። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት እንደ እኔ ከሌላ ሙያ ወደ ቦርድ የሚመጣው ሰው እየበዛ ስለሆነ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ አክሲዮን የሌለው ሰው ዳይሬክተር፣ ማለትም የቦርድ አባል፣ እንዲሆን አይፈቅድም ነበር። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለአክሲዮን ላልሆኑ ሰዎችም በሩን ከፍቷል። በጥር 2017 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል፤ አክሲዮናቸው ገበያ ላይ የሚወጣ ኩባንያዎች ቦርዳቸው ውስጥ ማን እንደተቀመጠ ከቀድሞው ይልቅ በውጭ ሰው ዓይን ይመረመራሉ። ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ መምህሩም ነገ ስልክ ሊደወልለት ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ያነበብኳቸው መጻሕፍት ጓደኞቼ በደስታ የሰጡኝ ናቸው። ስለ መሪነት፣ ስለ ስኬት፣ ከምንም ተነሥተው ስለበለጸጉ ሰዎች የሚያወሩ ነበሩ። ጥቅም የላቸውም ማለት ግፍ ይሆናል፤ ነገር ግን ሁሉም የሚያስተምሩት ማስተዳደርን ነው። የቦርድ አባል ደግሞ አያስተዳድርም። ይህን በግልጽ የነገረኝ የእንግሊዛዊው ቦብ ጋራት መጽሐፍ ነው፤ ርእሱ «የዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ከሚለው ከእኛው ተረት ጋር አንድ ነው። ጋራት የቦርድን ሥራ አራት ቦታ ይከፍለዋል፤ ፖሊሲ ማውጣትና አርቆ ማየት፣ የኩባንያውን አቅጣጫ ማሰብ፣ ሥራ አመራሩን መቆጣጠር፣ መጨረሻም ተጠያቂነት። ከዚህ መጽሐፍ በፊት በስብሰባ ላይ የማነሣቸው ነገሮች ሁሉ የሥራ አስኪያጅ ጥያቄዎች ነበሩ። የቅርንጫፍ ቢሮ ወንበር ለምን ተወደደ? የመኪና ጎማ ከማን ተገዛ? ድርጅት ሲያስተዳድር የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጣፍጠዋል፤ መልሱን ያውቀዋልና። ዋና ሥራ አስፈጻሚውም አይከፋውም። ቦርዱ ስለ ጎማ ሲያወራ ከዋለ ስለ ትልቁ ነገር ሳይጠየቅ ወደ ቢሮው ይመለሳል።

ከዚያ በኋላ መጻሕፍቱን ወደ ጎን አድርጌ ሕጉን ማንበብ ጀመርኩ። የሚያስፈራ ይመስላል እንጂ አያስፈራም። አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ታትሟል፤ ወረቀቱን ለሚወድ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ይሸጣል። ስለ አክሲዮን ማኅበር የሚናገረውን ክፍል ብቻ አውጥታችሁ፣ ከዚያም ውስጥ ስለ ዳይሬክተሮች ሥልጣንና ኃላፊነት የሚለውን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ሁለቱን ቋንቋ አስተያይቶ ማንበብ ሌላም ጥቅም አለው፤ ኋላ የእንግሊዝኛ ፖድካስት ስታዳምጡ የምትሰሙት ቃል በእኛ ሕግ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ።

እኔን ያስደነገጠኝ የድሮው ሕግ 364ኛ አንቀጽ ነው። ተሽሯል፤ ግን የአዲሱን ሕግ የኃላፊነት ድንጋጌዎች ከእሱ ጋር አስተያይቶ ማንበብ ትምህርት ይሰጣል። አንቀጹ ዳይሬክተሮች በጥፋት ጊዜ በአንድነትና በነጠላ፣ ማለትም ሁሉም አብረው፣ እያንዳንዱም ብቻውን ለሙሉው ጉዳት፣ ይጠየቃሉ ይል ነበር፤ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጋቸውን የማስረዳት ሸክምም በራሳቸው ላይ ይጥላል። ጥፋት የሌለበትና ተቃውሞውን ወዲያው በቃለ ጉባኤ መዝገብ ላይ አስጽፎ ለኦዲተሮች ያሳወቀ ዳይሬክተር ግን ከተጠያቂነት ይድን ነበር። እዚህ ላይ ቆሜ ራሴን ጠየቅሁ። «እኔኮ አልተስማማሁም ነበር» ብሎ ለባል፣ ለሚስት ወይም ለጓደኛ ማውራት ዋጋ የለውም። ካልተጻፈ አልተባለም። ከዚያ ወዲህ የቃለ ጉባኤ ረቂቅ ሲላክልኝ ሳላነብ ፈርሜ አላውቅም፤ እናንተም አትፈርሙ። «ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚል ዓረፍተ ነገር ስታዩ በእርግጥ ሙሉ ድምፅ እንደነበረ አስታውሱ።

ከንግድ ሕጉ ቀጥሎ ኩባንያው የተሠማራበትን ዘርፍ የሚገዛው ሕግ ይመጣል። ለእኔ የመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 እና የብሔራዊ ባንክ መመሪያዎች ነበሩ። መመሪያዎቹ ባንኩ ድረ ገጽ ላይ ስለሚገኙ ለማግኘት ደጅ መጥናት አያስፈልግም። ከሁሉ በኋላ ሳይሆን ከሁሉ በፊት መነበብ የነበረበት ሰነድ ግን የኩባንያው የራሱ መመሥረቻ ጽሑፍና መተዳደሪያ ደንብ ነው። ከአባላቱ መካከል አንብበውት የማያውቁ እንደነበሩ ስናገር ማንንም ለማሳጣት አይደለም፤ ደንቡ የት እንደተቀመጠ የሚያውቀው የሕግ አገልግሎቱ ብቻ ነበር። ቦርዱ ሳያጸድቅ ሥራ አመራሩ እስከ ስንት ብር ማውጣት ይችላል? ከዳይሬክተር ጋር ውል ሲደረግ ምን ሥርዓት ይከበራል? ልዩ ስብሰባ ማን ሊጠራ ይችላል? የእነዚህን መልስ ከደንቡ በእጃችሁ ገልብጣችሁ በአንድ ገጽ ያዙ፤ ወደ እያንዳንዱ ስብሰባም ይዛችሁት ግቡ።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ፤ ብዙ ሰው ከቦርድ የሚሸሸው ወይም ቦርድ ገብቶ ዝም የሚለው በእሱ ምክንያት ነውና። የሒሳብ መግለጫ ከመሠረቱ ለመማር የቶማስ ኢትልሰንን መጽሐፍ የሚያህል አላገኘሁም። የፖም ማባያ የሚሠራ አንድ ምናባዊ ኩባንያ ፈጥሮ፣ ከምሥረታው ጀምሮ እያንዳንዱ ግዢ፣ ሽያጭና ብድር በሦስቱ መግለጫዎች (በሀብትና ዕዳ፣ በትርፍና ኪሳራ፣ በገንዘብ ፍሰት) ላይ ምን እንደሚለውጥ አንድ በአንድ ያሳያል። እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ ካልሠራችሁት ግን አይገባችሁም። ሁለተኛው የካረን በርማንና የጆ ናይት «ፋይናንሻል ኢንተለጀንስ» ነው። ይህኛው የሚያፈርሰው አንድ የተሳሳተ እምነት አለ። ብዙዎቻችን ሒሳብ ማለት ቁርጥ ያለ እውነት ይመስለናል። ደራሲዎቹ ግን የትርፍ ቁጥር በግምቶች ላይ እንደሚቆም፣ ግምቱን የሚያደርገው ደግሞ ሰው እንደሆነ በተለያዩ ምሳሌዎች ያስረዳሉ። ያን ጊዜ ያነበብኩት ነገር ምን ያህል እንደሚጠቅመኝ አላወቅሁም ነበር።

ኢንሹራንስ አረቦኑን፣ ማለትም የደንበኛውን ክፍያ፣ ዛሬ ይሰበስባል፤ ካሳውን ግን ነገ ነው የሚከፍለው። አደጋው ደርሶ ካሳው ያልተከፈለ ጉዳይ አለ። ከዚያም ብሶ፣ አደጋው ደርሶ ለኩባንያው ገና ያልተነገረ ጉዳይ አለ። ለእነዚህ ሁሉ የሚያዘው መጠባበቂያ ግምት ነው፤ ግምቱ ዝቅ ባለ ቁጥር የዓመቱ ትርፍ ከፍ ይላል። በገባሁበት ዓመት የቀረበልን ትርፍ የሚያምር ነበር። የትርፍ ድርሻውም እንዲከፈል ለጠቅላላ ጉባኤው የውሳኔ ሐሳብ አቀረብን፤ ባለአክሲዮኖችም ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በቀጣዩ ዓመት ግን የተሽከርካሪ ካሳው ከተገመተው እጅግ በልጦ መጣ። የመለዋወጫ ዋጋ በየወሩ ሲንር የቆየ ቢሆንም መጠባበቂያው የተሰላው በአሮጌው ዋጋ ነበር። ጋራዦች ክፍያ ዘገየብን ብለው መኪና መቀበል አቆሙ። የውጭ ኦዲተሩ ከሒሳብ ሪፖርቱ ለይቶ የጻፈው የኦዲት ግኝት ደብዳቤ ሲነበብ ደግሞ፣ ይኸው ማሳሰቢያ በቀደመው ዓመት ደብዳቤም ውስጥ እንደነበረ ታወቀ። ያን ደብዳቤ የኦዲት ኮሚቴው እንጂ ሙሉው ቦርድ አላየውም ነበር። የጠየቀም አልነበረም።

ያ ዓመት ከባድ ነበር። ገበያ ስወጣ የማውቃቸው ባለአክሲዮኖች ያስቆሙኝ ነበር። ጡረታቸውን በአክሲዮን ያኖሩ አንዲት እናት «እኛ እናንተን ያስቀመጥነው እንድታዩልን አልነበረም ወይ?» ብለውኛል፤ መልስ አልነበረኝም።

ወደ መጻሕፍቱ የተመለስኩት ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ግን የፈለግሁት የወደቁ ኩባንያዎችን ታሪክ ነበር። እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ ልናገር፤ ለአዲስ የቦርድ አባል ከሁሉም የጠቀመኝ የንባብ ዓይነት ይህ ነውና። የተሳካላቸው ኩባንያዎች ታሪክ ለምን እንደተሳካላቸው የሚነግራችሁ ካለፈ በኋላ አሳምሮ ነው። የወደቁት ግን ፍርድ ቤት ቀርበዋል፣ በመርማሪ ተፈትሸዋል፣ ቃለ ጉባኤያቸው ሳይቀር ለሕዝብ ወጥቷል። ቦርድ ውስጥ ማን ምን እንዳለና ማን ዝም እንዳለ በእነሱ ታሪክ ውስጥ ታያላችሁ።

የሒሳብ ማጭበርበር በጣለው የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ፣ በኤንሮን ጀምሩ። ታሪኩን በትረካ መልክ ለሚሻ «ዘ ስማርተስት ጋይስ ኢን ዘ ሩም» የሚለው የቤታኒ ማክሊንና የፒተር ኤልካይንድ መጽሐፍ አለ፤ ማዳመጥ ለሚቀለው ደግሞ የዎል ስትሪት ጆርናል «ባድ ቤትስ» የተባለ ፖድካስት የመጀመሪያ ምዕራፉን ለኤንሮን ሰጥቷል። ለቦርድ አባል ግን ከሁለቱም የሚበልጠው በነጻ የሚገኝ አንድ ሰነድ ነው። የአሜሪካ ሴኔት የምርመራ ንዑስ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2002 የኤንሮን ቦርድ በኩባንያው ውድቀት ውስጥ ስለነበረው ሚና ያወጣው ሪፖርት ነው። ቦርዱ እ.ኤ.አ. በ1999 የፋይናንስ ኃላፊው አንድሪው ፋስታው ከኤንሮን ጋር የሚነግዱ ሽርክናዎችን ራሱ እንዲመራ የሥነ ምግባር ደንቡን ወደ ጎን ብሎ ፈቅዶለታል። የኦዲት ኮሚቴው ሰብሳቢ ሮበርት ጄዲክ ደግሞ በስታንፎርድ የሒሳብ አያያዝ ፕሮፌሰርና የቢዝነስ ትምህርት ቤቱ ዲን የነበሩ ሰው ናቸው። እውቀት ጎድሏቸው አልነበረም። ኦዲተሮቹ አንዳንዱ አሠራር ከፍተኛ ስጋት እንዳለበት ለኮሚቴው ነግረዋል፤ ኮሚቴው ግን ነገሩን ተከትሎ አልሄደበትም። ይህን ሳነብ የእኛ ደብዳቤ ነበር ዓይኔ ላይ የመጣው።

ቀጥላችሁ ቴራኖስን ያዙ። ከጥቂት የደም ጠብታ ብዙ ምርመራ እንሠራለን ያለው ኩባንያ ነው። መጽሐፉ የጆን ካሪሩ «ባድ ብለድ» ነው፤ ፖድካስቱ ደግሞ የኤቢሲ ኒውስ «ዘ ድሮፕአውት» ነው። በቦርዱ ውስጥ ጆርጅ ሹልዝና ሄንሪ ኪሲንጀርን የመሰሉ፣ ሁለቱም የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ ታላላቅ ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ስለ ደም ምርመራ የሚያውቅ ግን እንደ ብርቅ የሚታይ ነበር። የሹልዝ የልጅ ልጅ ታይለር እዚያው ኩባንያ ተቀጥሮ ይሠራ ነበርና የምርመራው ውጤት እንደማይታመን ለአያቱ ነገራቸው። አያትየው ያኔ ያመኑት የልጅ ልጃቸውን ሳይሆን የኩባንያዋን መሥራች ነው። እኛም አገር ለቦርድ ሰው ሲፈለግ መጀመሪያ የሚጠራው ትልቅ ስም ነው። ትልቅ ስም መኖሩ አይከፋም፤ ክፋቱ ሌሎቹ አባላት ትልቁ ሰው አውቆት ነው ብለው መጠየቃቸውን ሲተዉት ነው። እንደ እኔ የጤና ባለሙያ የሆነ ሰው ይህን ታሪክ ሲያዳምጥ ሌላም ነገር ይማራል። ሙያችሁ ከኩባንያው ሥራ ጋር የሚነካካበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ የመጠየቅ ግዴታችሁ እጥፍ ነው።

ይህ ሁሉ ንባብ ስብሰባ አዳራሽ ስትገቡ ከይሉኝታ ጋር ይጋጠማል። ስሜን ለአነስተኛ ባለአክሲዮኖቹ ያነሡላቸው ሰብሳቢው ራሳቸው ነበሩ፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። የእሳቸው ጓደኛ የሆነውን ሥራ አስፈጻሚ በሰው ፊት መጠየቅ ውለታ እንደመብላት ሆኖ ተሰማኝ። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት በቦርድ ውስጥ አይሠራም፤ የቦርድ ዝምታ ይነቅዛል፤ ብናኙም በሚቀጥለው ዓመት ሒሳብ ላይ ይታያል። ችግሩ ግን የእኛ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት ከአሜሪካዊው ባለሀብት ከዋረን በፌት ደብዳቤ ነው። በፌት ለባለአክሲዮኖቹ በየዓመቱ ይጽፋቸው የነበሩ ደብዳቤዎች እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ያሉት በኩባንያው በበርክሻየር ሃታዌይ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይነበባሉ። እ.ኤ.አ. የ2002ቱን ፈልጉ። አስተዋይና ጨዋ ሰዎች በተሰበሰቡበት ክፍል ውስጥ ሥራ አስፈጻሚው ይነሣ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ይናገራል፤ የክፍያ ኮሚቴ ያመጣውን ሐሳብ መቃወም በማዕድ ላይ እንደማግሳት ይቆጠራል ይላል። ራሱም በሌሎች ኩባንያዎች ቦርድ ውስጥ ሳለ ባለአክሲዮኑን የሚጎዳ ሐሳብ ሲቀርብ ዝም ያለበት ጊዜ እንደነበረ ይመሰክራል። በፌትን ያህል ሰው ያሸነፈው መግባባት እኔን ቢያሸንፈኝ አይገርምም ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ። በዚያው ዓመት ጄፍሪ ሶነንፌልድ በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው የጻፈው አጭር ጽሑፍም ይነበብ። የአባላት ብዛት፣ ዕድሜ፣ የስብሰባ መገኘት፣ እነዚህ ሁሉ ተሟልተውም ቦርድ ሊወድቅ ይችላል፤ ልዩነቱን የሚያመጣው አባላቱ ተማምነው በግልጽ መከራከራቸው ነው ይላል።

እንግዲህ በእኛ ወግ እንዴት ይጠየቅ? እኔ የደረስኩበት መንገድ ከስብሰባው በፊት መደወል ነው። ለሰብሳቢው ደውዬ «ጋሼ፣ ነገ ስለ መጠባበቂያው እጠይቃለሁ፤ ድንገት እንዳይሆንብዎት ብዬ ነው» አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ጠይቂ ልጄ፤ ግን ቁጥሩን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ይህ ምክር ከብዙ መጻሕፍት ይበልጣል። ቁጥር የያዘ ጥያቄ ሰውን አይነካም። «የካሳ ክፍሉ ሥራውን አልሠራም» ካላችሁ ጠብ ነው። «ክቡር ሰብሳቢ፣ አምና ላልተከፈለ ካሳ የያዝነው ይህን ያህል ነበር፤ ከዚያው ላይ እስከ ዛሬ የተከፈለውና የቀረው ሲደመር ስንት ሆነ?» ካላችሁ ግን መልሱ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም ራሱ ይናገራል። ለማንኛውም ግምት የሚሠራ ጥያቄ ነው፤ የአምናው ግምት ከእውነቱ ጋር ሲተያይ ምን ሆነ? በባንክ ቦርድ ውስጥ ላላችሁ ለተበላሸ ብድር የተያዘውን፣ በፋብሪካ ውስጥ ላላችሁ የማይሸጥ የዕቃ ክምችትን እንዲሁ ጠይቁ። የትርፍ ቁጥር ሲቀርብላችሁ ደግሞ የገንዘብ ፍሰት መግለጫውን አጠገቡ አስቀምጡ። ትርፍ እያደገ ከሥራ የሚገኘው ጥሬ ገንዘብ ዓመት ከዓመት ከቀነሰ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ቢያጨበጭብም እናንተ አታጨብጭቡ።

መጠባበቂያው በሚቀጥለው ዓመት በገለልተኛ ባለሙያ ተሰልቶ ቀረበ፤ የኦዲት ግኝት ደብዳቤም ለሙሉ ቦርድ መነበብ ጀመረ። ትርፍ ሳንከፍል ያለፍንበት ጉባኤ ጩኸት ነበረበት። አሳለፍነው።

ስለ ፖድካስት ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ጥቂት ልጨምር። በአማርኛ ስለ ቦርድ ሥራ ብቻ የሚናገር፣ እስከ መጨረሻው ያዳመጥኩት ዝግጅት የለም፤ አንድ ሰው ቢጀምረው ደስታውን አልችለውም። በእንግሊዝኛ «ኦን ቦርድስ» የተባለው የጆ አዩብና የራዛ ሼክ ዝግጅት ለጀማሪ ይሆናል፤ እንግዶቹ ቦርድ ውስጥ የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ ንግግራቸው ከመጽሐፍ ይልቅ ለሥራው ይቀርባል። «ቴክ ኦን ቦርድ» የተሰኘው የአውስትራሊያዊቷ ሄልጋ ስቬንድሰን ዝግጅት ሴቶችን ወደ ቦርድ ለማምጣት ታስቦ የተዘጋጀ ነው፤ እንዴት እንደሚገባ፣ ከገቡ በኋላም በወንዶች መካከል ብቻን መቀመጥ ምን እንደሚመስል በግልጽ ይነጋገራሉ። የዲሊጀንት ኩባንያ የሚያዘጋጀው «ዘ ኮርፖሬት ዳይሬክተር ፖድካስት» ለትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ያደላል፤ ስለ ሳይበር ደኅንነትና ስለ ሥራ አስፈጻሚ መተካካት የሚናገሩትን እየመረጣችሁ ስሙ፣ ሌላው ይለፋችሁ። አክሲዮን ከገበያ ገዝተው ኩባንያው ለውጥ እንዲያደርግ ስለሚያስገድዱ ባለሀብቶች የሚደረገውን ወሬ እኔ ዘልዬዋለሁ፤ ለእኛ ገና ነው። ቤት ውስጥ ዋይፋይ ሲኖር አውርዳችሁ በመንገድ ላይ አዳምጡ፤ ነገር ግን እየሰማችሁ ካለፋችሁ ምንም አይቀርላችሁም። እኔ ከእያንዳንዱ ዝግጅት አንድ ጥያቄ ብቻ በስልኬ ላይ እጽፋለሁ። ጥያቄውን ለእኛ ኩባንያ መጠየቅ ካልቻልኩ ዝግጅቱን እንደ ጨዋታ እቆጥረዋለሁ።

ስለ መልካም አስተዳደር መርሆች የወጡ ሰነዶችም አሉ። የትልልቅ ኢኮኖሚ አገሮች ስብስብ የሆነው የጂ20 እና የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) መርሆች እ.ኤ.አ. በ2023 እንደገና ተሻሽለው ወጥተዋል፤ የደቡብ አፍሪካው ዳኛ ሜርቪን ኪንግ የመሩት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ያወጣቸው ሪፖርቶችም በአህጉራችን ስማቸው የታወቀ ነው። ለኪንግ አደላለሁ፤ ከእያንዳንዱ መርሕ ጋር ምን እንደሚደረግ ስለሚዘረዝር ስብሰባ ውስጥ ይዞ መግባት ይቻላል። እንደ ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ አትሞክሩ፤ ያንቀላፋችኋል።

መጽሐፍ ማግኘቱ ራሱ ጣጣ መሆኑን አውቃለሁ። በውጭ ምንዛሪ ካርድ ከኢንተርኔት መግዛት ለሁሉም አይሆንም። እኔ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ በተገኘ ቁጥር ከቡናና በርበሬ መላኩ ጋር የመጽሐፍ ትእዛዝም አያይዛለሁ። የቆዩ የሒሳብና የአስተዳደር መጻሕፍት በአዲስ አበባ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ በርካሽ ይገኛሉ፤ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም አለ። ገንዘብ ከሌላችሁ ደግሞ ከላይ የጠራኋቸው የሴኔት ሪፖርት፣ የበፌት ደብዳቤዎች፣ የኦኢሲዲ መርሆችና የአገራችን ሕግ ሁሉም ያለ ክፍያ የሚነበቡ ናቸው። ከእነሱ ጋር የተወዳዳሪ ኩባንያዎችን ዓመታዊ ሪፖርት ሰብስቡ። የባንኮችና የኢንሹራንሶች ጉባኤ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሚካሄድ፣ በዚያ ወቅት ሪፖርታቸው በየድረ ገጻቸውና በየጋዜጣው ይወጣል። የሦስት ኩባንያዎችን ሪፖርት ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ከሒሳቡ ጀርባ ያሉትን ማብራሪያዎች አንብቡ። የሊቀ መንበሩን መልእክትና ፎቶግራፉን ለመጨረሻ አቆዩት።

የሥራ ዘመኔ ካበቃ በኋላ ሌላ ኩባንያ በዕጩነት ሊያቀርበኝ ፈልጎ ሰው ላከብኝ። እሺ ከማለቴ በፊት የሦስት ዓመት የተመረመረ ሒሳብ፣ መተዳደሪያ ደንቡንና የመጨረሻውን የኦዲት ግኝት ደብዳቤ ማየት እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ሒሳቡንና ደንቡን በማግሥቱ ላኩልኝ። ደብዳቤውን በተመለከተ የመጣው ሰው ፈገግ ብሎ «እሱን ከተመረጡ በኋላ ያዩታል» አለኝ። ሚስጥር ነው ከተባለ ቢሯቸው ተቀምጬ፣ ማስታወሻ ሳልይዝ አንብቤ ልመልስ አልኩ። ሳምንት ጠበቅሁ፤ አስታወስኳቸው፤ አልመጣም። ዕጩነቱን እንደማልቀበል በአክብሮት ጽፌ ላክሁ፤ የደብዳቤዬንም ቅጂ አስቀርቻለሁ።